የሽማግሌ ውሸት

«ይኼ የእናትሽ ነው» አለች ናዝሬት። አንዲት ቆርኪ አንስታ በግራ በኩል ያለው ሳህን ላይ ጣለቻት። «እሺ፣ ቀጥዪ።»

ሚካል ቀጠለች። አባቷ አዲስ ሠልጣኝ እንደያዘ፣ ሠልጣኙ ማርሽ በቀየረ ቁጥር የሁለቱም አንገት እንደሚናጥ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ አባቷን ሳል እንደሚያጣድፈው ተናገረች። ናዝሬት አንድ ወሬ ባለቀ ቁጥር አንድ ቆርኪ እያነሳች «ይኼ የአባትሽ፣ ይኼም የአባትሽ» እያለች በቀኙ ሳህን ላይ ትጨምራለች። የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ ሳህኑን ሲመታው ቀጭን ድምፅ ያሰማል። መሀል ላይ ሦስተኛ ሳህን አለ። እሱ ላይ ምንም የለም።

«የመሀሉ የማን ይመስልሻል?»

«የኔ» አለች ሚካል።

«እስቲ ለሱም አንድ ስጪው። ስለ ራስሽ ብቻ።»

ይህን ያህል ከባድ ጥያቄ አልነበረም። ሚካል ክፍል ውስጥ የሒሳብ ጥያቄ ሲመጣ ቀድማ እጇን የምታወጣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አሁን ግን «እኔ...» ብላ ጀመረችና «እማዬ ወገቧን ሲያማት...» ላይ ስትደርስ ራሷ አቆመች። ናዝሬት አልሳቀችም፣ አልቸኮለችም፤ ቆርኪዋን በጣቶቿ ይዛ ጠበቀቻት። በመስኮቱ በኩል የመካኒሳ መንገድ ይሰማል። አንድ ረዳት «ጀሞ አንድ ሰው፣ ጀሞ አንድ ሰው» ይላል። ሰዓቱ እስኪያልቅ ሚካል የረዳቱን ድምፅ ስታዳምጥ ቆየች፤ የመሀሉ ሳህንም ባዶውን ቀረ።

እዚህ መምጣት ከጀመሩ ጥቂት ወራት ሆኗቸዋል። ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት፤ በሩ ላይ «የልጆችና የቤተሰብ ምክር» ተብሎ ተጽፏል። ሲጀመር ለሚካል የታሰበ ነገር አልነበረም። ወላጆቿ ባለፈው ክረምት ሲፋቱ የሰባት ዓመቱ ወንድሟ ኖላዊ አልጋ ላይ መሽናትና የክፍሉን ልጆች መማታት ጀመረ። አስተማሪው እናታቸውን አስጠርተው ልጁን ባለሙያ ሰው ቢያናግረው ይሻላል አሏት። ሚካል የመጣችው ለአጃቢነት ነው። «ሚካልማ ጎበዝ ናት፣ ምንም አትሆንም» ይላሉ ሁሉም፤ እናቷም፣ አባቷም፣ አክስቷም፣ ጎረቤቱም። ሰው አንዴ ምንም አይሆንም የሚል ስም ከወጣለት ደግሞ የሆነ ነገር መሆን አይፈቀድለትም። አማካሪዋ ናዝሬት ግን በሁለተኛው ቅዳሜ ኖላዊን ከመጫወቻዎቹ ጋር ትታ ወጣችና «አንቺስ አትገቢም?» አለቻት። ወጣት ናት፤ «አንቺ» በሉኝ ብላቸዋለች። ኖላዊ ወዲያው ለመደው። የሚካል ምላስ ግን «ሚስ» እና «እርስዎ» ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ለናዝሬት ያልነገረቻት ነገር ነበር። ስለ እናቷና ስለ አባቷ ከምታወራው ግማሹ ፈጠራ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከጋሽ መኩሪያ ነው። ጋሽ መኩሪያ የላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሽማግሌ ናቸው። የባልና የሚስት ጠብ ከሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ከዘራቸውን ይዘው ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው ሲሉ ይውላሉ። ለሚካል ወላጆች፣ ለአስቴርና ለአባይነህም፣ ደጋግመው መጥተዋል። በመጨረሻው ቀን አስቴር «አባቴ፣ ይተዉኝ፤ ጨርሻለሁ» አለቻቸውና ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ጋሽ መኩሪያ ከሁሉ ኋላ ሲወርዱ ሚካልን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኟት። ከጎኗ ሊቀመጡ አሰቡ፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላለ መቀመጡ ራሱ ጊዜ ወሰደ።

«ስንቱን አስታርቄ የናንተው አቃተኝ» አሏት። «አየሽ ልጄ፣ የዚህ ነገር ሙያው ውሸት ነው። ለሚስቲቱ ‹ስምሽን ሲያነሳ ዕንባ ተናነቀው› እላታለሁ። ለባልየው ‹እህል አልቀመሰችም› እለዋለሁ። የሁለቱም ሆድ ይባባል። ለእርቅ ብሎ የዋሸ ሰው ኃጢአት የለበትም።»

አዛውንቱ ይህን ያሉት ራሳቸውን ለማጽናናት ነበር። ሚካል ግን አደራ እንደተሰጣት ቆጠረችው፤ እሳቸው ሲያቅታቸው ተራው የሷ መሰላት።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ያዘች። እሷና ኖላዊ ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲወጡ አባታቸው ነፋስ ስልክ ወደ ተከራያት ክፍል ይሄዳሉ፤ እዚያ አድረው ቅዳሜ ከሰዓት ናዝሬት ጋ ይደርሳሉ፤ ማምሻውን አባታቸው በመኪና ላፍቶ ይመልሳቸዋል። እሱ ግቢው በር ላይ ያወርዳቸዋል እንጂ አይወጣም። እናትና አባት ስለማይነጋገሩ በሁለቱ መሀል የሚመላለሰው ወሬ ሁሉ በሚካል አፍ በኩል ያልፋል። እናቷ «አባትሽ ምን አለ?» ስትላት «ወገቧ ተሻላት ወይ ብሎ ጠየቀኝ» ትላለች። አልጠየቀም። አባቷ «እቤት እንዴት ናችሁ?» ሲላት «እማዬ ስለ ሳልህ ትጨነቃለች፤ ጋቢህንም አጥባ አስቀምጣልሃለች» ትለዋለች። አልተጨነቀችም፤ ጋቢውም አልታጠበም። የሚገርመው ታዲያ ነገሩ መሥራቱ ነው። አንድ ዓርብ እናቷ ሽሮ በዕቃ አድርጋ ላከች። አባቷ ጺሙን በየጊዜው መላጨት ጀመረ። ሚካል እነዚህን ምልክቶች ስታይ ደስ ይላታል፣ ቆየት ብላ ደግሞ ትፈራለች።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የሚካል እያደር ከበዳት። የትኛውን ለማን እንደተናገረች ማስታወስ አለባት። እናቷ ስታዝን አባቷን፣ አባቷ ሲያዝን እናቷን ማሰብ አለባት። ከሁሉ የከፋው ግን የሚነገረው ሰው አለመኖሩ ነበር። የቅርብ ጓደኛዋ ዝማሬ እንኳ የምታውቀው አባቷ ለሥራ ሐዋሳ መሄዱን ነው። «አቦ ፋዘርሽ ሐዋሳን ለመዳት አይደል? ዓሣ ያምጣልና» እያለች ሙድ ትይዝባታለች፤ ሚካልም አብራት ትስቃለች። ስቃ ስትጨርስ ከቅድሙ ይበልጥ ብቻዋን ትሆናለች።

የዚያን ቅዳሜ፣ የመሀሉ ሳህን ባዶውን የቀረ ዕለት፣ አባቷ ከታች ክላክስ አደረገና ወረዱ። አባይነህ የመኪና አሠልጣኝ ነው። መኪናው ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ተሸክማለች፤ ጋቢና በሚቀመጠው ሰው እግር ሥርም ሌላ ፍሬን አላት። ሠልጣኝ ሲያጠፋ አባይነህ የሚረግጠው እሱን ነው። ሚካል ጋቢና መቀመጥ የጀመረች ቀን አባቷ አንድ ሕግ አውጥቶላት ነበር፤ እግርሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ፣ ያን ፍሬን እንዳትነኪው። ነክታው አታውቅም።

«ሚኪዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት፣ ኖላዊ ከኋላ እንቅልፍ እንደወሰደው በመስታወቱ አይቶ።

ከጋሽ መኩሪያ ጋር ተነጋግሮ ኖሯል። በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሊመጣ ነው። ለአከራዩ ለእትዬ እማዋይሽም ክፍሉን እንደሚለቅ ነግሯታል። ይህን ሁሉ ሲናገር መሪውን በጣቶቹ መታ መታ ያደርጋል፤ ሚካል እንዲህ ሲሆን ካየችው ቆይታለች።

«አንቺ የምትነግሪኝን ባልሰማ ኖሮ ወኔው ከየት ይመጣ ነበር» አላት። «እናትሽ አፍ አውጥታ አትናገርም፣ አውቃታለሁ። ደግነቱ አንቺ አለሽኝ።»

ሚካል እግሯን ይበልጥ ሰበሰበች። ስትለፋለት የከረመችው ነገር እኮ ይኼ ነው። ታዲያ ለምንድነው ደስ ያላላት? ምናልባት ይሆን ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። እናቷ ሽሮ ልካ የለ?

ያ «ምናልባት» እስከ ረቡዕ ቆየ። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ዕቃ እያጠበች ከእህቷ ከአማከለች ጋር ታወራ ነበር። የውኃው ድምፅ የበሩን መከፈት ሸፈነው።

«አማከለች፣ አንቺ ትሙቺ፣ እንቅልፍ ተኛሁ እኮ» ትላለች አስቴር። «ስንት ዘመኔ ነው እንዲህ ከተኛሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ነው ብዬ አላውቅም። አብረን ስንሆን ግን ሁለታችንም ሌላ ሰው ነው የምንሆነው። አሁን በር ሲንኳኳ ልቤ አይመታም።»

አማከለች ቢታረቁስ የሚል ነገር አነሳች።

«አልመለስም። ሰው ፊት ‹እንቢ› ማለት ብቻ ነው የሚያስጠላኝ። ሁለተኛ ሽማግሌ ፊት ባላዋርደው ደስ ይለኛል።»

ሚካል ጫማዋን እንዳደረገች ወደ ኋላዋ ወጣችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እናቷ እንቅልፍ በመተኛቷ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። እንዲያውም ተናደደችባት፤ ወዲያው ደግሞ በመናደዷ አፈረች። ከላይኛው ፎቅ የሚወርዱ ልጆች «ሚኪ፣ እንዴት ነሽ?» እያሉ ዘለሏት። «ደህና ነኝ» አለች ለሁሉም።

በማግስቱ ጋሽ መኩሪያን ፈልጋ ወረደች። ከብሎኩ ጥግ ከእኩዮቻቸው ጋር ዳማ እየተጫወቱ ነበር። የእሁዱን ነገር እንዲተዉት ልትነግራቸው ነበር ሐሳቧ። እሳቸው ግን ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ ለዳማ ባልንጀሮቻቸው ይቺ ልጅ ከኛ በላይ ሽማግሌ ናት፣ አባትየው ሁሉንም ነግሮኛል፣ እኛ ያቃተንን እሷ ጨረሰችው እያሉ አወደሷት። አንደኛው አዛውንት እጇን ይዘው መረቋት። ምርቃቱን ሰምታ «አሜን» አለችና ተመለሰች። ሌላ ምን ትበል?

ቅዳሜ ናዝሬት ሳህኖቹን ስትደረድር ሚካል ቀደመቻት።

«ሚስ፣ አንድ ነገር ብነግርዎ ለነሱ ይነግሯቸዋል?»

«እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል ብዬሻለሁ» አለች ናዝሬት። «ሰው የሚጎዳ ነገር ካልሆነ በቀር።»

«ሰው ሊጎዳ ነው።»

ናዝሬት ሳህኑን ትታ ተቀመጠች። ሚካልም ነገረቻት። ከጋሽ መኩሪያ ጀምራ ወገቡን፣ ሳሉን፣ ጋቢውን፣ ሽሮውን፣ የነገውን ሽማግሌ፣ እናቷ በስልክ ያለችውን ሁሉ ሳትተነፍስ ዘረገፈችው። ስትጨርስ የቀኙና የግራው ሳህን ላይ ካለፉት ሳምንታት የተረፈ ቆርኪ ያለ ይመስል ሁለቱንም አየቻቸው። ናዝሬት አልተቆጣችም። አልደነገጠችምም፤ ወይ ደንግጣ ከሆነ አላሳየችም።

«እርስዎ ይንገሯቸው» አለች ሚካል። «የርስዎ ሥራ እኮ ነው። እርስዎም እንደ ሽማግሌ አይደሉ?»

«አይደለሁም። ሽማግሌ የሚመጣው ለባልና ለሚስቱ ነው። እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ለአንቺና ለኖላዊ ነው።» ትንሽ አሰበች። «እስቲ ልጠይቅሽ። ጋሽ መኩሪያ አስታርቀው ሲጨርሱ የት ይሄዳሉ?»

«ቤታቸው።»

«ሳይሳካላቸው ሲቀርስ?»

«ያው ቤታቸው።»

«አንቺስ?»

ሚካል መልሱ ወዲያው መጣላት። የሷ ቤት እዚያው ነው። እሳቸው የዋሹበትን ቤት ዘግተው ይወጣሉ፤ እሷ ከዋሸች በኋላ ራቷን የምትበላው እዚያው ነው፣ የምትተኛውም እዚያው። ዕንባዋ መጣ። ናዝሬት ሶፍት አቀበለቻትና አብራት ተቀመጠች።

ቆይታ ናዝሬት አባትሽ ሲመጣ ጠርቼው አብረን ብንነግረውስ አለቻት። ሚካል አሰበችበት። አባቷ እዚህች ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በማያውቃት ሴት ፊት፣ ጆሮው ሲቀላ ታያት።

«አይሆንም» አለች። «አባቴ ሰው ፊት ሲያፍር ማየት አልወድም። እኔ ልንገረው።»

ናዝሬት አንድ ቆርኪ አነሳችና መሀለኛው ሳህን ላይ አስቀመጠችው።

አባይነህ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ነበር የመጣው። ኖላዊ የኋላው ወንበር ላይ ዘሎ ገባና «አባዬ ሻንጣውን ጭኖታል፣ ጧት አይቻለሁ» ብሎ አወጀ። አባይነህ ሳቀ። ነገ ከተስማማን ወዲያ ወዲህ እንዳልል ብዬ ነው አለ፣ እንደ ማፈር ብሎ። ሚካል መኪናዋ ከመንገዱ ዳር ሳትነሳ ልትነግረው ነበር። ቀበቶዋን ስታስር ልናገር አለች፤ አሰረችና አልተናገረችም። መስቀለኛው ጋ ልናገር አለች፤ እሱንም አለፉት። ወደ ላፍቶ የሚወስደው መንገድ ቅዳሜ ማምሻ እንደልማዱ ተጨናንቋል፤ መኪናዎቹ ጥቂት ይሳቡና ይቆማሉ። አባቷ ስለ ነገ ያወራል። ለእናትሽ ምን ብዬ ልጀምር ይላል። የሠርጋቸው ዕለት መኪና ተበላሽቶባቸው ከነሙሽራ ልብሱ ሲገፋ እንዴት እንደሳቀችበት ይናገራል። ከፊታቸው ያለው ታክሲ ተንቀሳቀሰ፤ አባይነህም ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደረገ።

ሚካል እግሯን ዘርግታ ፍሬኑን ረገጠችው።

መኪናዋ ተንገጫግጫ ጠፋች። አባይነህ መጀመሪያ ያየው የራሱን እግር ነው። ቀጥሎ የልጁን እግር አየ። ከኋላ ክላክስ ተደራረበ፤ አንዱ ሾፌር «ለማጅ» ብሎ ተሳደበ። አባይነህ መኪናዋን አስነስቶ ወደ ዳር አወጣትና አቆማት።

«ምን ሆነሻል?»

«እማዬ ስለ ሳልህ ጠይቃኝ አታውቅም» አለች ሚካል። ወደ እሱ አላየችም፤ ፍሬኑን ነው የምታየው። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ስለ እንቅልፍህም፣ ስለ ምግብህም። እሷንም ስለ ወገቧ ጠየቀሽ እያልኩ ዋሽቻታለሁ። ነገ ከመጣህ እንቢ ትልሃለች፣ አባዬ። ስትናገር ሰምቻታለሁ። እንድታፍር አትፈልግም። እኔም አልፈልግም።»

አባይነህ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ መንገዱን አየ። ሚካል ይጮህብኛል ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ጋቢውስ?» አለ በመጨረሻ።

«ሳጥን ላይ ነው። አልታጠበም።»

«ሽሮውስ? ሽሮውን እንኳ በእጇ ነው የላከችው።»

ሚካል መልሱ አሳዘናት፤ ኖላዊ ግን ከኋላ አንገቱን በወንበሮቹ መሀል አሾልኮ ቀደማት። «የኔ ነው እኮ። ያንተ ሽሮ ሆዴን ይነፋኛል።»

አባይነህ ሳቅ አመለጠው። ሳቁ ሳያልቅ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሚካል አየች። አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። እጇን ልትዘረጋ ፈለገች፣ ፈራች፣ ከዚያ ዘርግታ ጀርባው ላይ አኖረችው።

«ለምንድነው ሚኪዬ?» አለ ቀና ሳይል።

«ጋሽ መኩሪያ ለእርቅ የሚዋሽ ኃጢአት የለበትም አሉኝ።»

«ጋሽ መኩሪያ የሰባ ዓመት ሰው ናቸው» አለ አባይነህ። ፊቱን በክንዱ ጠረገና አያት። «አንቺ ዐሥራ አራት ነሽ።»

ስልኩን አወጣ። ጋሽ መኩሪያ ወዲያው አነሱት፤ ደስታቸው እስከ ሚካል ድረስ ይሰማል። አባይነህ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ የነገው ይቅር አላቸው። አዛውንቱ አስቴር የሆነ ነገር አለች ወይ፣ ልጅቷስ ምን አለች እያሉ ጠየቁ መሰል፣ አባይነህ ሚካልን ገልመጥ አድርጎ አያትና «እሷ ምንም አላለችም። እኔ ነኝ ሐሳቤን የቀየርኩት» አላቸው። ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ሲከት ይኼኛውም ውሸት መሆኑን ሁለቱም አወቁ።

ከዚያ እስከ ላፍቶ ሬዲዮም አልከፈቱ። ግቢው በር ላይ ሲያወርዳቸው ኖላዊን ሳመው፣ ሚካልንም ሳማት፤ ከወትሮው ጠበቅ አድርጎ ያዛት። «ለእናትሽ...» ብሎ ጀመረ። የቀረውን ተወውና «ግቡ፣ ይበርዳችኋል» አለ። መኪናዋ ሰሌዳዋን እንደተሸከመች፣ ሻንጣውን እንደያዘች ወደ ነፋስ ስልክ ተመለሰች። ሚካል ከዓይኗ እስክትሰወር ቆማ አየቻት። አባቷ ዛሬ ማታ እዚያች ክፍል ብቻውን ገብቶ መብራት ሲያበራ አሰበችና ልቧ ተሰበረ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ አለች በልቧ። እሱም እውነት ነበር።

ኖላዊ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ቀድሟት ገባ። ሚካል ቀስ ብላ ወጣች። ያለቀሰችበትን ደረጃ ስትደርስ ልትቀመጥ አሰበች፤ አልተቀመጠችም።

እናቷ ሶፋው ላይ የታጠበ ልብስ ቆልላ እያጣጠፈች ነበር። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ የሚያየው ግን የለም። አስቴር ቀና ሳትል የሁልጊዜ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«መጣሽ? አባትሽ ምን አለ?»

መልሱ ምላሷ ላይ ዝግጁ ነበር፤ ሰላም ብሎሻል፣ ወገቧስ አለ። ይህን ብትል እናቷ «እሺ» ትላለች፣ ራት ይቀርባል፣ ይበላል፣ ይተኛል።

«ራሱን ጠይቂው፣ እማዬ» አለች።

አስቴር እጇ ላይ የኖላዊን ካልሲ እንደያዘች ቀና አለች። ልጅቷ ቦርሳዋን አላወረደችም፣ በሩንም አልዘጋችውም። ዓይኗ እንዳበጠ አሁን ነው ያየችው።

«ምን ሆንሽ? ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። እኔ...» አለች ሚካል። ቃሉ ናዝሬት ጋ እንዳደረገው እዚህም ሊቆምባት ፈለገ። አባቷን አሰበች፣ እናቷን አሰበች፣ ሁለቱንም ለጊዜው ተወቻቸው። «እኔ ከፍቶኛል። ከከፋኝ ቆይቷል።»

አስቴር ካልሲውን አስቀመጠች። ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ከተቆለለው ልብስ ግማሹን ወደ ዳር ገፍታ ሶፋው ላይ ቦታ አበጀች።

«ግን ደህና ነኝ» የሚለው ሚካል አፍ ላይ መጣ። ዋጠችው፣ በሩን ዘጋችና ሄዳ ተቀመጠች።